የደራሲ ጆሮ፦ ስለ ሂስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ረቂቅን ለሰው አስነብቦ የሚባለውን መስማት ከመጻፉ ያልተናነሰ ችሎታ ይጠይቃል። ይህን ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምረን የለም። ስለዚህ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ በኖረ ነገር እንመራለን። አብዛኛው ልክ አይደለም። ብዙ ተስፋ ያለው ጽሑፍም መሳቢያ ውስጥ አስቀርቷል።

«ተሰጥኦ ያለው ሰው አራሚ አያስፈልገውም»

ቅኔ ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቀበልም። እዚያ ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ይቆጥርና፣ ማለትም ይደርስና፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ሰምቶ ያርመዋል። ቤቱ አልመታ ይሆናል፤ ሰሙና ወርቁ አልተገጣጠመ ይሆናል። ጀማሪ ሁለት መስመር ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየታረመ ስምንት መስመር እስካለው መወድስ ይዘልቃል። ስለታረመ ተሰጥኦ የለውም የሚለው የለም። መታረሙ ራሱ ትምህርቱ ነው።

በሌላው ዓለምም ያው ነው። ቲ. ኤስ. ኤልየት «ዘ ዌይስት ላንድ» የተባለውን ረጅም ግጥሙን በረቂቅነቱ ለወዳጁ ለገጣሚው ኤዝራ ፓውንድ ሰጠው። ፓውንድ እስክሪብቶውን ይዞ ያለ ርኅራኄ ሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ1922 ሲታተም ግጥሙ ከረቂቁ እጅግ አጥሮ ነበር። አራተኛው ክፍል ረጅም የባሕር ጉዞ ትረካ ነበረው፤ የተረፉት 10 መስመሮች ብቻ ናቸው። ኤልየት ቅስሙ ተሰብሮ የቀሩትንም ላውጣቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ያን ሁሉ የሰረዘው ሰው «አይሆንም፣ ይቅሩ፣ ለግጥሙ ያስፈልጉታል» የሚል መልስ ሰጠው። ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። ጥሩ ሃያሲ ሥራህን ከአንተም ጭምር ይጠብቅልሃል። ኤልየትም ውለታውን አልረሳም፤ ግጥሙን ለፓውንድ ሲያበረክትለት ከራሱ የላቀ አንጥረኛ ብሎ ጠራው። ረቂቁ ከነስርዝ ድልዙ እ.ኤ.አ. በ1971 ታትሟልና ማየት ለሚፈልግ አለ።

«ሂስ ተቀበለ የሚባለው የተባለውን ሁሉ ያስተካከለ ነው»

ብዙ ጎበዝ ጸሐፊ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አንባቢ የት እንዳመመው ያውቃል። መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ማወቅም የለበትም፤ ያ የደራሲው ሥራ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አጭር ልብ ወለድ ጻፍን እንበል። አንዲት ሴት መርካቶ አውቶቡስ ተራ ቆማለች። ግፊያው፣ የረዳቶቹ ጩኸት፣ የተጫነው ጆንያ፣ የዝናቡ ጭቃ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ተገልጿል። አንባቢያችን «መግቢያው ረዘመ፣ ቁረጠው» አለን። ታዘዝንና ግማሹን ቆረጥን። አሁንም ይሰለቻል፤ እንዲያውም መርካቶነቱ ጠፋ።

አሁን ምንም ሳንቆርጥ መጀመሪያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምር፦ «ቦርሳዋ ውስጥ የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ ዚፑ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አይዘጋም።» ያው ግፊያ፣ ያው ጩኸት ነው። ግን አሁን አንድ ሰው ትከሻዋን በነካት ቁጥር ልባችን ይደነግጣል። ገጽ ተኩሉ አልረዘመም።

አንባቢው ተሳስቷል ወይ? በፍጹም። መሰልቸቱ እውነት ነው፣ የሰለቸበትም ቦታ ትክክል ነው። የተሳሳተው «ቁረጠው» ያለው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አስተያየት ሲመጣ ሁለት ነገር ለይተን እንስማ፦ ምን ተሰማው? ምን አድርግ አለ? የመጀመሪያው ሁሌም ይመዘገባል። ሁለተኛው ይታሰብበታል፤ ካልሆነም ይቀራል።

«ካላስረዳሁ አይገባቸውም»

«አይ፣ እዚህ ጋር ለማለት የፈለግኩት እኮ...» ማለት ስትጀምር አንባቢው መናገር ያቆማል። ሰው ጨዋ ነው፣ ክርክር አይፈልግም። «አሃ፣ አሁን ገባኝ» ይልሃል፤ ቀሪውን ሳይነግርህ ይሄዳል። መጽሐፉ ባሕር ዳር ወይም ዋሽንግተን ያለ አንባቢ እጅ ሲገባ ደግሞ አንተ አጠገቡ ቆመህ አታስረዳም። ዝም ብለህ የሚልህን መዝግብ። ጥያቄ ካለህ «የትኛው ቦታ ላይ ነው እንደዚያ የተሰማህ?» በል። ከዚያ በላይ አትናገር።

«የሚወደኝ ሰው እውነቱን ይነግረኛል»

ይሉኝታችን ይህን አይፈቅድም። ታላቅ እህትህ ልፋትህን አይታለች፤ ሌሊት ስትቀመጥ ሻይ አፍልታልሃለች። «እንዴት ነው?» ስትላት «በጣም አሪፍ ነው ወንድሜ፣ በርታ!» ከማለት ሌላ ምን ትበል? ፍቅሯ እውነት ነው፤ ለረቂቁ ግን የሚጠቅም ነገር የለውም።

ሰው ሳይቀየም እውነቱን የሚናገርበት መንገድ ግን አለ። «ወደድሽው ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። «የት ላይ ስልክሽን አየሽ? የቱን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አነበብሽ? ከገጸ ባሕርያቱ የማንን ስም ረሳሽው?» በላት። ይህን ለመመለስ ማንንም መንቀፍ አያስፈልጋትም። የሆነውን ብቻ ትናገራለች። ከብዙ ሙገሳ ይልቅ እንዲህ ያለው አንድ መልስ ይበልጣል።

«ፊደል ያረመልኝ ሰው ሂስ ሰጠኝ»

የሐመሩ ሐ የቱ ጋ፣ የብዙኃኑ ኀ የቱ ጋ እንደሚገባ የሚነግርህ ሰው ውለታ ውሎልሃል፤ አመስግነው። ግን ያ እርማት ነው። ታሪኩ ይሄዳል ወይ የሚለውን አልነካም። ደግሞ ጊዜው አለው። ሦስተኛው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ የሚወጣ ከሆነ የእሱን ሠ እና ሰ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። ረቂቁን ስትሰጥ የምትፈልገውን ቀድመህ ንገር፦ «ፊደሉን ለጊዜው ተወው፤ የት እንደጠፋብህ ብቻ ንገረኝ።»

«ከከፋኝ ለጽሑፍ አልተፈጠርኩም»

ይከፋል። ለሁሉም ይከፋል። ያን ቀን ምንም ነገር አትለውጥ፣ መልስም አትጻፍ። በማግስቱ ማስታወሻህን ስታነብ አስተያየቱ የሌሊቱን ያህል አይመርም።

አንድ ነገር ግን ለይ። ብዙዎቻችን መገምገምን የምናውቀው ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው፤ እዚያ የሚተቸው ሥራው ሳይሆን ሰውየው ነበር። ሂስ ስለ ገጹ ይናገራል። «እዚህ ጋ ውይይቱ ሰው የሚያወራው አይመስልም» ሂስ ነው። «አንተ መጻፍ ተው» የሚለው ግን ለገጹ የሚፈይደው ነገር ስለሌለ ማስታወሻህ ላይ አታስፍረው።

«ሁለት አንባቢ ከተቃረነ ሁለቱንም መተው ነው»

አንዷ አባትየው ጨካኝ ሆነብኝ ትላለች። ሌላው ደግሞ አባትየው ምንም አልመሰለኝም ይላል። የተቃረኑ ይመስላል፤ ግን ሁለቱም ጣታቸውን የቀሰሩት አባትየው ላይ ነው። ምናልባት ሲጮህ አይተነው፣ ለምን እንደሚጮህ ግን አላየንም። ስለዚህ ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ አትቸኩል። አባትየው ያለበትን ገጽ ሁሉ አውጣና ጮክ ብለህ አንብበው። ከዚያ ሦስተኛ አንባቢ ፈልግ፤ ስለ አባትየው ምንም ሳትነግረው ረቂቁን ስጠው።