የቤተሰብ የካርቦን አሻራ፦ ስሌቱና ንጽጽሩ

የአንድ ቤተሰብ የካርቦን አሻራ የሚባለው ቤተሰቡ በዓመት ውስጥ ሲያበስል፣ መብራት ሲያበራ፣ ሲጓዝ፣ ሲመገብና ዕቃ ሲገዛ በእሱ ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ድምር ነው። እንደ ሜቴን ያሉት ጋዞችም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው ይገባሉ፤ አንድ ኪሎ ሜቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ 28 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። ሐሳቡ በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ሪስና ማቲስ ዋከርናገል ካቀረቡት የሥነ ምህዳር አሻራ የተወለደ ነው። በሕዝብ ዘንድ ያስለመደው ግን በ2004 የግለሰብ አሻራ ማስያ ያወጣው የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ ነው። ነዳጅ ሻጩ የገዢውን ጭስ ማስቆጠሩ እስከ ዛሬ ትችት አላጣም።

ስሌቱ በራሱ ማባዛት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ፣ ናፍጣ 2.7 ኪሎ፣ አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ 3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህ የትም አገር ያው ነው። ኤሌክትሪክ ግን እንደ ምንጩ ይለያያል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በሳምንት ሁለቴ ከተጋገረበት በዓመት ወደ 730 ይጠጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ኃይል የሚመጣው ከውኃ ስለሆነ፣ የግድብ ግንባታንና ከግድብ የሚወጣውን ሜቴን በሚያካትተው ዓለም አቀፍ መካከለኛ ግምት እንኳ (24 ግራም በኪሎዋት ሰዓት) ድምሩ 20 ኪሎ አይሞላም። ያንኑ ያህል ኃይል በአሜሪካ አማካይ ብናሰላው 270 ኪሎ ገደማ፣ በድንጋይ ከሰል በምትኖረው ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከ600 ኪሎ በላይ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ የቆጣሪ ንባብና የማደያ ደረሰኝ ይበቃል። ችግሩ ከሰሉ ጋ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው የአዲስ አበባ ቤትም ለቡናው፣ ቀስ ብሎ ለሚበስለው ወጥና መብራት ለሚጠፋበት ቀን ከሰል አያጣም። ውጭ አገር የተሠሩት አብዛኞቹ ማስያዎች ግን ስለ ቤት ስፋት፣ ስለ ማሞቂያና ስለ በረራ ይጠይቃሉ እንጂ ለከሰል ቦታ የላቸውም።

በወር 30 ኪሎ ከሰል የሚጨርስ ቤት እንውሰድ፤ በዓመት 360 ኪሎ ይሆናል። አፈር ለብሶ በሚከሰልበት በባህላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እንጨት ይሄዳል። የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ፣ የማክሰያው ጭስ ተጨምሮ የቤቱ ድርሻ ከ3 ቶን ያልፋል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ እንደሚደረገው ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ አክስሎ መልሶ የሚተክል ከሆነ ግን፣ አዲሱ ዛፍ የተለቀቀውን ካርቦን መልሶ ስለሚይዝ በዋናነት የሚቆጠረው ከማክሰያውና ከምድጃው የሚወጣው ሜቴን ነው። ከስምጥ ሸለቆ ግራር የመጣው ማዳበሪያ ሙሉ ከሰልና የአዊው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ገዢው ቤት ለይቶ ማስላት የሚችልበት መንገድ የለውም።

ይህ ክፍተት የገንዘብ ጉዳይም ሆኗል። የተሻሻለ ምድጃ የሚያከፋፍሉ ፕሮጀክቶች የካርቦን ክሬዲት (ይህን ያህል ልቀት ቀንሰናል የሚል ለገበያ የሚቀርብ ማረጋገጫ) የሚሸጡት ከተቆረጠው እንጨት ምን ያህሉ ሳይተካ ይቀራል በሚለው ግምት ላይ ቆመው ነው። በ2015 የወጣ ጥናት በዓለም ላይ ከሚቆረጠው የማገዶ እንጨት ሳይተካ የሚቀረው ከ27 እስከ 34 በመቶ ነው ሲል፣ በርካታ ፕሮጀክቶች ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ድርሻ ይዘው ሲያሰሉ ኖረዋል። በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ክሬዲት በአማካይ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ተጋኖ አግኝቶታል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ይኸው ድርሻ ነበር።

ወደ ንጽጽር ሲመጣ ውጤቱን የሚወስነው አካፋዩ ነው። ሰባት ሰው የሚኖርበት ቤትና ብቸኛ ተከራይ በቤት ሲነጻጸሩ ሰባቱ ይበዛሉ፤ በነፍስ ወከፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። በአሜሪካ የበርክሌይ ተመራማሪዎች በ2014 እንዳሳዩት ከአገሪቱ የቤተሰብ ልቀት ግማሽ ያህሉ ከከተማ ዳር ሰፈሮች ይመነጫል፤ ሰፊ ቤትና ብዙ መኪና ስላለ ነው። እዚያው አገር ኦፓወር የተባለ ድርጅት የቤቱን የኃይል ፍጆታ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያነጻጽር ደብዳቤ እያዘጋጀ ሲያስልክ፣ ፍጆታው በአማካይ 2 በመቶ ያህል ቀንሷል። ትንሽ ነው፤ ግን በደብዳቤ ብቻ ለመጣ ለውጥ አይናቅም።

ምግብም የራሱ ጣጣ አለው። ማስያው «በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ ይበላሉ?» ይላል፤ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰው ግን የሳምንት አማካይ ብሎ ነገር የለም። ቨርጂኒያ የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ለበዓል አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ በአንድ ሰው ከ1 ቶን በላይ ይመዘገብበታል። በጉዞ ማስያዎች ልማድ ይህ የሚጻፈው በተሳፋሪው ስም ነው፤ ቲኬቱን አዲስ አበባ ያሉት ቤተሰቦች ቢቆርጡለት እንኳ።