በደም ያለ አሚኖ አሲድ እና የአእምሮ ሕመም

አሚኖ አሲድ የፕሮቲን መሥሪያ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 ዓይነቶች 9ኙን ከምግብ ካላገኘ ራሱ ሊያመርታቸው አይችልም። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ከሚሸመተው ውስጥ እህሉ ላይሲን፣ ጥራጥሬው ደግሞ ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

አሚኖ አሲድ ነርቭን ምን ያህል እንደሚነካ ወሎ በራሱ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደላንታ ውስጥ ከድርቅ በኋላ ጓያ ብቻ ሲበሉ የከረሙ ብዙዎች እግራቸው ሰለለ። መርዙ ጓያ ውስጥ ያለ፣ ፕሮቲን የማይሠራ አሚኖ አሲድ ነው።

ወደ አእምሮ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አንጎል መልእክት የሚያስተላልፍባቸውን ሴሮቶኒንና ዶፓሚን የሚባሉ ኬሚካሎች ከአሚኖ አሲድ ይሠራል፤ ሴሮቶኒንን ከትሪፕቶፋን፣ ዶፓሚንን ከታይሮሲን። ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን፣ ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ሉሲንና ቫሊንም ጭምር፣ ከደም ወደ አንጎል የሚገቡት በአንድ በር እየተጋፉ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ትሪፕቶፋን ምን ያህል አለ ከማለት ይልቅ ከተጋፊዎቹ አንጻር ምን ያህል ነው ማለት ይሻላል። ከድባቴ ያገገሙ ሰዎች ትሪፕቶፋን የሌለበት የአሚኖ አሲድ ድብልቅ ሲጠጡ አንዳንዶቹ በሰዓታት ውስጥ ስሜታቸው ወርዷል፤ ድባቴ ይዟቸው የማያውቁት ግን ብዙም አልተለወጡም። እንደ እኔ ከሆነ ከዚህ መስክ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ጉድለቱ የሚጎዳው ቀድሞ የተጋለጠውን ነው። እውን ያልሆነን ነገር በሚያሳይና በሚያሰማው የአእምሮ ሕመም በስኪዞፍሬኒያም ግሉታሜትና ግላይሲን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ነገር በብዛት ተጠንቷል፤ ሆኖም የደም ልኬቱ በምግብ፣ በመድኃኒትና ደም በተቀዳበት ሰዓት ስለሚለዋወጥ ሕመሙን በእሱ መለየት አይቻልም።

ግንኙነቱ ጥርት ብሎ የሚታየው ፌኒልኬቶኑሪያ በሚባለው በዘር የሚወረስ ሕመም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 አንዲት ኖርዌያዊት እናት የአእምሮ እድገታቸው የዘገየ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሐኪሙ አስብየርን ፎሊንግ ዘንድ ሄደች። ልጆቹ ልዩ ጠረን ነበራቸው። ሐኪሙ ሽንታቸው ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሲያደርግ አረንጓዴ ሆነ፤ ሰውነታቸው ፌኒልአላኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ መለወጥ አቅቶት ነበር። ዛሬ ብዙ አገሮች ከአራስ ሕፃን ተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም ችግሩን አግኝተው ልጁን በልዩ ምግብ ያሳድጉታል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሆሞሲስቴይን ነው። ቢ12 ወይም ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ሲያንስ ይህ አሚኖ አሲድ ደም ውስጥ ይከማቻል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው አንድ ጾም ብቻውን አያጎድለውም፤ ኑሮ ከእነዚህ ምግቦች ለዓመታት ያራቀው፣ ጨጓራው የታመመ አረጋዊ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ግን ሊጎድልበት ይችላል። ምልክቱም መርሳት፣ ድባቴ፣ አልፎ አልፎም የሌለ ነገር ማየትና መስማት ነው። ቤተሰብ ጠበል ይወስደዋል፣ ዱዓ ያስደርግለታል፤ ያድርግ። ግን ደሙም ይታይለት፤ ይህ ጉድለት በመርፌ ወይም በክኒን የሚሞላ ነው፣ ሲቆይ ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።