የሐረር ቡና አዘገጃጀት፦ ከማስጫው እስከ ድሬዳዋ መጋዘን

የሐረር ቡና በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ላይ የሚለማ ደረቅ ቡና ነው። እሸቱ እንደ ታጠበ ቡና ተፈልፍሎ በውኃ አያልፍም፤ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል። አንዱ ምክንያት የውኃ እጥረት ነው። ሌላው የገዢው ምርጫ ነው፤ ሞካ እየተባለ የሚወደሰው፣ ፍራፍሬና ወይን የሚሸተው ጣዕም የሚመጣው ፍሬው በገዛ ስኳሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ነው። በመሆኑም ዘመናዊነት እዚህ ማጠቢያ ጣቢያ መትከል ማለት አይደለም፤ ያንኑ የጥንት ዘዴ በጥንቃቄ መሥራት ነው።

በባህላዊው አሠራር ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ይለቀማል፤ ከፊሉ ዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ማስጫው የጓሮ መሬት ወይም ጠፍጣፋ ጣሪያ ነው። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ገበሬው ጥቂት ጀንፈል አንሥቶ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቃል፤ ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ለቤት የሚፈለገው በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ገለባውም አይጣልም፣ ከወተትና ከጨው ጋር ፈልቶ ሆጃ ይሆናል። የመኖችም በገለባው ቅሽር ያፈላሉ።

የዘዴው ድክመት መሬቱ ነው። ቡና ሽታ ቶሎ ይስባል፤ እርጥብ አፈር ላይ ያደረ ጀንፈል የአፈርና የሻጋታ ጣዕም ይዞ ይቀራል። የተሻሻለው አሠራር ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥና ሌሊት መሸፈን ነው። እሸቱ ሲለቀም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ግን እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት።

የቀረው ሥራ ድሬዳዋ ላይ ይጠናቀቃል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ አልወጣም፤ የቡናው ንግድም ተከትሎት ቁልቁል ወረደ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ጋር የቡና ጨረታ ማዕከል ሆና ኖራለች፤ በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገባ። በማዘጋጃ ፋብሪካ ቡናው ከድንጋይና ከእንጨት ይጠራል፣ ይፈለፈላል፣ በወንፊት በመጠኑ፣ በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛም በክብደቱ ይለያል። የቀለም መለያ ማሽን ያላቸውም አሉ። ይሁንና የሐረር ፍሬ ረጅሙና ድቡልቡሉ የተቀላቀለበት ስለሆነ ማሽኑ ብቻውን አይበቃም፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን በእጃቸው የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ከዚያ ቀማሾች ጣዕሙን ፈትሸው ደረጃ ይሰጡታል፤ ቡናውም በ60 ኪሎ ጆንያ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። የትኛውም ማሽን ድንጋይ ያወጣል እንጂ የሻገተ ጣዕም አያወጣም፤ ስለዚህ በእኔ ግምት ከውድ ማሽን በፊት ገንዘብ የሚያሻው የገበሬው አልጋ ነው።

ገበሬው ግን ሌላም ስሌት አለው። አልጋ እንጨትና ሽቦ ይጠይቃል፤ ቀይ እየመረጡ መልቀምም ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ መመለስ ነው። ለዚህ ድካም ተጨማሪ ዋጋ ካልተከፈለው ዓይኑ ወደ ጫት ይዞራል። ጫት ማስጫ አይፈልግም፤ ጠዋት ተቆርጦ በዚያው ቀን አወዳይ ገበያ ላይ ይሸጣል፣ በዓመትም ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል። በሐረርጌ ብዙ የቡና ማሳ ለጫት የተለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።