እጅግ ረጅም በረራና የአውሮፕላን ምርጫ

ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ የሚበረው አውሮፕላን በመሃል የትም አያርፍም። ርቀቱ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተሳፋሪው ከ18 ሰዓት በላይ ይቀመጣል። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ነቅቶ፣ እንደገና በልቶ መስኮቱን ሲከፍት ገና ውቅያኖስ ላይ ነው። በአቪዬሽኑ ዓለም ብዙ ጊዜ ከ16 ሰዓት የሚበልጥ በረራ “እጅግ ረጅም” ተብሎ ለብቻው ይመደባል።

እንዲህ ያለ መስመር ሲከፈት ወሬው ሁሉ ስለ ርቀቱ ነው። አውሮፕላኑ መድረስ መቻሉ ግን ከተረጋገጠ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1989 የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ አዲስ የተረከበውን ቦይንግ 747-400 ከለንደን ሲድኒ ድረስ ሳያርፍ አብርሮታል። 20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ፈጀ። በኖቬምበር 2005 ደግሞ አንድ ቦይንግ 777-200ኤልአር ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ፣ በምሥራቅ በኩል ዞሮ ለንደን ገባ። 21,602 ኪሎ ሜትር በ22 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ማለት ነው። በሁለቱም ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ትኬት ቆርጦ የገባ አልነበረም። ጭንቅ የሚመጣው ትኬት መሸጥ ሲጀመር ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ነዳጁ ላይ ነው። ነዳጅ ራሱ ክብደት አለው፤ እሱን ተሸክሞ ለመብረርም ነዳጅ ያስፈልጋል። በተለምዶ በሚያዘው ግምት፣ ትርፍ ክብደት ይዞ ለመብረር በየሰዓቱ ከዚያው ክብደት ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ነዳጅ ይቃጠላል። በ17 ሰዓት ጉዞ ሲታሰብ፣ ለመጨረሻዋ ሰዓት ተብሎ ከተጫነው ነዳጅ ግማሽ የሚጠጋው እዚያች ሰዓት ላይ ሳይደረስ ያልቃል። ለዚህ ነው በጣም ሩቅ የሆነ መንገድ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ቢቀዳ፣ ዳግም መነሳቱ ተቆጥሮም፣ በጠቅላላው ያነሰ ነዳጅ የሚፈጀው።

መጠባበቂያውም አለ። አውሮፕላን ወደ አማራጭ ኤርፖርት የሚያደርሰው፣ እዚያም 30 ደቂቃ የሚያንዣብብበት ነዳጅ መያዝ አለበት። በዚህ ላይ ለድንገተኛ ነገር የሚያዝ አለ፤ ብዙ ጊዜ ለጉዞው ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ነው። ለ17 ሰዓት በረራ ይህ ብቻውን የ50 ደቂቃ ነዳጅ ሊሆን ነው። የበረራ ዕቅድ ሠሪዎች ለዚህ አንዲት ብልሃት አለቻቸው። ዕቅዱን መጀመሪያ መንገድ ላይ ወዳለ ቀረብ ያለ ኤርፖርት ያወጡታል። አውሮፕላኑ አንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ ሲደርስ የቀረው ነዳጅ ይታያል። ከበቃ ዕቅዱ በአየር ላይ ይቀየርና ወደ እውነተኛው መድረሻ ይቀጥላል። ለድንገተኛ የሚያዘው መጠባበቂያ ከዚያ ነጥብ ወዲያ ላለው መንገድ ብቻ ስለሚሰላ በርከት ያለ ክብደት ይተርፋል። ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ተሳፋሪ ግን አያውቀውም።

ይህም ሆኖ የሚቀነስ ነገር አይጠፋም። የሚቀነሰው ደግሞ ገንዘብ የሚያስገባው ነው፤ ሰውና ጭነት። የሲንጋፖር አየር መንገድ ለዚህ መስመር የያዘው ኤርባስ ኤ350-900ዩኤልአር 161 መቀመጫ ብቻ አለው፤ 67 ቢዝነስ ክላስ፣ 94 ፕሪሚየም ኢኮኖሚ። ተራ ኢኮኖሚ የሚባል ነገር የለውም። መደበኛው ኤ350-900 ከ300 በላይ ሰው መጫን ይችላል። የዩኤልአሩ የፊት ጭነት ክፍልም ከአገልግሎት ውጭ ተደርጓል። ስለዚህ የበረራው ወጪ በሙሉ በእነዚያ 161 ሰዎች ትከሻ ላይ ያርፋል። የትኬቱ ዋጋ ለምን እንደሚያስደነግጥ ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይኸው አየር መንገድ ሥራውን አንድ ጊዜ ሞክሮ አቁሞት ነበር። በ2004 ከሲንጋፖር ወደ ኒው ዮርክ ጎረቤት ኒውአርክ መብረር ሲጀምር የያዘው ባለ አራት ሞተሩን ኤርባስ ኤ340-500 ነበር። 181 መቀመጫ ነበረው። በ2008 ወንበሮቹን አስነስቶ 100 የቢዝነስ ክላስ መቀመጫ ብቻ አደረገው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ 147 ዶላር ደረሰ። ለአራት ሞተር ይህ መርዶ ነው። የታይ አየር መንገድ በዚሁ አውሮፕላን ከባንኮክ ኒው ዮርክ ይበር ነበር፤ በ2008 አቆመ። ሲንጋፖርም በ2013 መጨረሻ ላይ ተወው። አምስቱን ኤ340-500 መልሶ የወሰደው ራሱ ኤርባስ ነው፤ እሱም አየር መንገዱ አዳዲስ ኤ380 እና ኤ350 ሲያዝ በተደረገው ስምምነት ነው።

ለእኔ የታሪኩ ፍሬ ያለው እዚህ ጋ ነው። ኤ340-500 በጠቅላላው ከ40 ያነሰ ነው የተሠራው። ተፎካካሪው 777-200ኤልአርም 60 ገደማ ላይ ቆመ። ሁለቱም የታሰቡትን ርቀት ይበሩ ነበር። ግን ለሩቅ ጉዞ ተብሎ የጠነከረ አካላቸው ለ8 ሰዓት መንገድ ከባድ ነው። መስመሩ ሲከስር ሌላ የሚያዋጣ ሥራ ላይ ማሰማራቱ፣ ገዢ ማግኘቱም፣ ፈተና ሆነ። አንድ አየር መንገድ እንዲህ ዓይነት መስመር ሲያስብ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይመስለኛል፤ መንገዱ ባይሳካ ይህ አውሮፕላን ነገ ምን ይሠራል?

አዲሶቹ አውሮፕላኖች ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መልስ አላቸው። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባለ ሁለት ሞተር ናቸው፤ ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉም ኮምፖዚት የሚባል ከብረት የቀለለ ድብልቅ ቁስ ነው። ኤ350-900ዩኤልአር የሚይዘው ነዳጅ ከ141,000 ሊትር ወደ 165,000 ከፍ ያለው ተጨማሪ ታንክ ተገጥሞለት አይደለም። በነባሮቹ ታንኮች ውስጥ ያለው የነዳጅ ሲስተም ነው የተስተካከለው። ካስፈለገ ወደ መደበኛው ኤ350-900 ሊመለስ ይችላል። ሲንጋፖር ሰባት ብቻ ገዝቶ በኦክቶበር 2018 መስመሩን እንደገና ከፈተ። ካንታስ በማርች 2018 የአውስትራሊያዋን ከተማ ፐርዝን ከለንደን ሲያገናኝ ደግሞ የተጠቀመው ማንም የሚያውቀውን 787-9 ነው። መንገዱ 14,498 ኪሎ ሜትር ነው። መቀመጫውን 236 ላይ ገደበው እንጂ ልዩ አውሮፕላን አላዘዘም።

የአውሮፕላኑ ቁጥርም ራስ ምታት ነው። ሄዶ ለመመለስ ብቻ ወደ 40 ሰዓት የሚፈጅ መስመር በየቀኑ ከተበረረ ቢያንስ ሁለት አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። አንዱ ቢበላሽ ተተኪው ከየት ይመጣል? ለእያንዳንዱ በረራ ብዙ ጊዜ አራት ፓይለቶች ይመደባሉ፤ ተራ በተራ የሚተኙበት አልጋም ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተፎካካሪው ዱባይ ወይም ዶሃ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እሱ ከብዙ ከተሞች ሰው ሰብስቦ በአንድ ትራንዚት፣ በርካሽ ያደርሳል። ቀጥታው በረራ የሚሸጠው ጥቂት ሰዓታትንና ትራንዚት የሌለበትን እፎይታ ነው። ለዚያ ጨምሮ የሚከፍል ሰው የሚበዛው ደግሞ የገንዘብና የንግድ ከተሞች መካከል ነው።

ፖለቲካም ጣልቃ ይገባል። ከፌብሩዋሪ 2022 በኋላ የሩሲያ አየር ክልል ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ፣ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ 13 ሰዓት ገደማ ሆነ። ካንታስም በ2024 በመካከለኛው ምሥራቅ ውጥረት ምክንያት መንገድ ሲቀይር፣ ከፐርዝ ለንደን የሚሄደው በረራ ሲንጋፖር አርፎ ነዳጅ ለመቅዳት ተገዶ ነበር። አቅሙ ጫፍ ላይ ያለ መስመር ዞር በል ሲባል የሚዞርበት ነዳጅ አይተርፈውም።

አሁን ትልቁ ውርርድ የካንታስ “ፕሮጀክት ሰንራይዝ” (ሰንራይዝ ማለት የፀሐይ መውጣት ነው) ነው። ከሲድኒ ለንደንና ኒው ዮርክ በቀጥታ ለመብረር በ2022 አሥራ ሁለት ኤ350-1000 አዘዘ፤ ሥራ ለመጀመር የታቀደው በ2027 ነው። እዚህ ላይ 20,000 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ ታንክ አለ። መቀመጫው 238 ነው፤ ሌሎች በዚሁ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከ300 በላይ ይጭናሉ። ተሳፋሪ ተነስቶ የሚንጠራራበት ቦታም ተለይቷል፤ ጉዞው 20 ሰዓት ያልፋላ።

ስሙ የተወሰደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነበረ የካንታስ በረራ ነው። ከ1943 እስከ 1945 ካታሊና የተባሉ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ከፐርዝ ሲሎን፣ ማለትም የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ይመላለሱ ነበር። ጉዞው ከ27 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ተጓዡ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ያያል። ካታሊናዋ ነዳጇን ጭና ስትጨርስ የሚተርፋት አቅም ከጥቂት ፖስታ ጋር ቢበዛ ሦስት ሰው ነበር።