የጂን ብዜት ምንድን ነው? የሻይ ቅጠል ምሬቱንና ኃይሉን ያገኘበት መንገድ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንዱ ሻይ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ብታዙ፣ ሻይና ቡና አንድ ብርጭቆ ውስጥ ተቀላቅሎ ይመጣላችኋል። ሁለቱም የሚያነቃቁት በካፌይን ነው። የሻይ ካፌይን፣ የቡና ካፌይን የሚባል ነገር የለም፤ ሞለኪውሉ አንድ ነው። የሚገርመው ግን ሁለቱ ተክሎች ይህን ሙያ ከአንድ ቅድመ አያት አልወረሱትም። ሻይ ለብቻው፣ ቡና ለብቻው ነው የደረሱበት። ሁለቱንም እዚያ ያደረሳቸው የጂን ብዜት የሚባለው ነገር ነው።

ጂን በሴል ውስጥ ባለው ዲኤንኤ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ብዙ ጊዜ ትእዛዙ "ይህን ፕሮቲን ሥራ" የሚል ነው። ሴል ዲኤንኤውን ሲገለብጥ አንዳንዴ ይሳሳትና አንዱን ጂን ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ሲብስ ደግሞ ሙሉው ዘረመል፣ ማለትም የተክሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ በሙሉ፣ እንዳለ ይደገማል። ብዜት ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ስህተት ምን ይጠቅማል? ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደ ሰው ይገባዋል። ዋናው ሰነድ ላይ ማንም አይሞነጫጭርም፤ ኮፒው ላይ ግን እንደልብ ነው። ጂንም እንደዚያው። ዋናው የድሮ ሥራውን እየሠራ ተክሉን ያኖራል። ተጨማሪው ላይ በየዘመኑ ጥቃቅን ለውጥ ይጠራቀማል። አብዛኛው ኮፒ ተበላሽቶ ከንቱ ይቀራል፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጥቂቱ ግን ይሳካለትና አዲስ ሥራ ይይዛል።

የሻይ ተክል በዚህ በኩል ሀብታም ነው። 15 ጥንድ፣ በጠቅላላው 30 ክሮሞሶም፣ ማለትም ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ክር፣ አለው። ዘረመሉ 3 ቢሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል ይሆናል፤ ከሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተደጋጋሚ ጽሑፍ ነው። የቻይና ተመራማሪዎች በ2017 የትልቅ ቅጠሉን፣ በ2018 ደግሞ የትንሽ ቅጠሉን ሻይ ዘረመል አንብበው አሳተሙ። የ2018ቱ ሥራ እንዳሳየው የሻይ ዘር ሐረግ ሁለት ጊዜ ሙሉ ብዜት አልፎበታል፦ አንዱ ከ90 እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሌላው ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። በመሃል ደግሞ እዚህም እዚያም የተባዙ ነጠላ ጂኖች አሉ።

ወደ ካፌይኑ እንምጣ። ተክሉ ካፌይን የሚሠራው ዛንቶሲን ከሚባል፣ በየሴሉ ከሚገኝ ነገር ተነስቶ ነው። በላዩ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የካርቦን ቁራጭ ደረጃ በደረጃ ይለጥፍበታል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ቴኦብሮሚን፣ ካፌይን ለመሆን አንድ ሜቲል ብቻ የቀረው ሞለኪውል፣ ካፌይን ይሆናል። ለጣፊዎቹ ኢንዛይሞች (በሴል ውስጥ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ፕሮቲኖች) ሰፊ ቤተሰብ አላቸው፤ በብዙ ተክል ውስጥ ዘመዶቻቸው ሌላ ሥራ ይሠራሉ። በ2014 የሮቡስታ ቡና ዘረመል ሲታተም ነገሩ ግልጽ ሆነ። በቡናም በሻይም ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ የወጡ ጂኖች ተባዝተው ካፌይን ሠሪ ሆነዋል፤ ግን የተነሱት ከተለያየ ቅርንጫፍ ነው። ካካዎም ከሻይ ጋር ሳይማከር ለብቻው ደርሶበታል።

ለምን ሦስት ጊዜ? ካፌይን ለነፍሳት መርዝ ነው። ለጋ ቅጠል ደግሞ የሁሉም ምግብ ነው። ስለዚህ በሻይ ውስጥ ካፌይኑ በብዛት ያለው ጫፉ ላይ ባለው እምቡጥና በለጋ ቅጠሎቹ ነው፤ ለቃሚውም የሚቀጥፈው እነሱኑ ነው። ደረቅ ሻይ ቅጠል ከክብደቱ ከ2 እስከ 4 በመቶ ካፌይን አለው፤ የአረቢካ ቡና ፍሬ ከ1 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። "ሻይ ቡናን አያህልም" የምትሉ እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ በሉ። ስኒው ላይ ቡና የሚያሸንፈው ብዙ ስለምንጨምርበት ነው።

አሁን ደግሞ ምሬቱ። ደረቅ ሻይ ቅጠል ቆንጥራችሁ አኝኩ። መጀመሪያ ይመራል። ትንሽ ቆይቶ ምላሳችሁ ሻካራ ይሆናል፣ አፋችሁን ይይዘዋል። ለዚህ ተጠያቂዎቹ ካቴኪን የሚባሉት ናቸው፤ ምራቅ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች እየያዙ አፍ ያደርቃሉ። ወተት የተጨመረበት ሻይ ለስለስ የሚለውም የወተቱ ፕሮቲን ስለሚይዛቸው ነው። ካቴኪን በብዙ ተክል አለ። የሻይ ልዩነቱ አብዛኛው ካቴኪኑ ላይ ጋሊክ አሲድ መለጠፉ ነው፤ አፍ አያያዙን ጠንከር የሚያደርገውም እሱ ነው። ይህን የሚለጥፉት ኢንዛይሞች ደግሞ ፕሮቲን ከሚቆርጡ ኢንዛይሞች ጋር ዘመድ ናቸው። መቁረጥ ትተው መለጠፍ ጀመሩ፣ በሻይ ውስጥም በዝተው ተገኙ። ሦስት ማንኪያ ስኳር የምንጨምረው እነሱን ለመሸሽ ነው ብል አልዋሸሁም።

ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ግን የቴአኒን ታሪክ ነው። ቴአኒን ለሻይ ያንን ጣፈጥ የሚል፣ የሥጋ መረቅ የመሰለ ጣዕም የሚሰጠው አሚኖ አሲድ ነው። ቅጠሉ ላይ ቢገኝም በዋናነት የሚሠራው ሥሩ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ይጓዛል። ለመሥራት ኤቲላሚን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ያስፈልጋል። እሱን የሚያወጣው ኢንዛይም አላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ላይ ይሠራል። ይህ ኢንዛይም የመጣው ሴሪን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ ከሚሠራ ጂን ኮፒ ነው። ዋናው ጂን ዛሬም ሻይ ውስጥ አለ፣ የድሮ ሥራውን ይሠራል። ኮፒው ሴሪንን ትቶ አላኒንን ያዘ። ፀሐይ ሲበረታ ቴአኒኑ ፈርሶ ካቴኪን መሥሪያ ይሆናል። ጃፓኖች ውድ ሻያቸውን ከመልቀማቸው በፊት በጥላ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው፤ ጣፋጩ እንዳይሄድ፣ ምሬቱ እንዳይበረታ።

ሁለቱ ዋና የሻይ ዓይነቶች፣ ብርድ የሚችለው የቻይናው ባለ ትንሽ ቅጠልና ሙቀት የሚወደው የሕንዱ አሳም ባለ ሰፊ ቅጠል፣ የተለያዩት ከ400 ሺህ እስከ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎ ይገመታል። ሻይ የራሱን የአበባ ብናኝ አይቀበልም፤ ከሌላ ተክል ጋር ነው የሚዳቀለው። በዚህ የተነሳ ከአንድ እናት የወጡ ዘሮች ወንድማማች እንጂ መንትያ አይሆኑም። የሲዳማ ገበሬ ጥሩ የቡና እግር ካየ ከፍሬው ችግኝ አፍልቶ ተመሳሳዩን ያገኛል ማለት ይቻላል፤ አረቢካ ራሱን በራሱ ያዳቅላልና። በሻይ ይህ አይሠራም። አንድን ምርጥ ሻይ እንዳለ ማብዛት የፈለገ አንድ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ያላት ቁራጭ ቆርጦ ሥር ማስያዝ አለበት።

ዘሮቹ እንዲህ መለያየታቸው ግን ለአዳቃዮች ሲሳይ ነው። ከሐዋሳ የሚወርደው የሞያሌ መንገድ የሚያደርሰን ጎረቤታችን ኬንያ በ2011 ሐምራዊ ቅጠል ያለው ሻይ አውጥታለች፤ ቀለሙ አንቶሲያኒን የሚባል የተክል ቀለም ነው። በደቡብ ቻይና ደግሞ የሻይ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ የዱር ተክል አለ። ካፌይን የሚሠራው ኢንዛይም በእሱ ላይ ትንሽ ተለውጦ ቴኦብሮሚን ላይ ያቆማል፣ የመጨረሻውን እርምጃ አይሄድም። ቴኦብሮሚን ቸኮሌት ውስጥ ያለው ነው። ካፌይኑን ፋብሪካ ሳያወጣለት ከነተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ሻይ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቡና ብለው ሌሊቱን ጣራ ሲቆጥሩ የሚያድሩ ሰዎች ሐዋሳም ሞልተዋል፤ የሚጠብቁት እንዲህ ያለውን ተክል ነው።