የተፈጥሮ ታሪክ ሥዕል ምንድን ነው?

አባጨጓሬ ሲሞት ቀለሙ ይጠፋል። አበባም በወረቀት መካከል ተጭኖ ሲደርቅ መልኩ ይቀየራል። ካሜራ ባልነበረበት ዘመን ታዲያ አጥኚው ያየውን ለሌላው የሚያሳየው በሥዕል ነበር። የተፈጥሮ ታሪክ ሥዕል የሚባለው ይኸው ነው። ነፍሳትንም ሆነ ዕፅዋትን በሕይወት እንዳሉ መዝግቦ ያስቀራል። ማስረጃ ነውና የእግሩ ብዛት፣ የቅጠሉ ጠርዝ፣ የክንፉ ነጠብጣብ ሁሉ ልክ መሆን አለበት።

በዚህ ሙያ ለእኔ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያንን የሚያህል የለም። በ1647 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ተወለደች። የእንጀራ አባቷ አበባ ሠዓሊ ነበር። ገና በ13 ዓመቷ የሐር ትል እያረባች ትከታተል ጀመር። ያኔ ብዙ ሰው ነፍሳት ከጭቃና ከበሰበሰ ነገር የሚፈጠሩ ይመስለው ነበር። እሷ ግን እንቁላሉ ሲፈለፈል፣ ትሉ ቅጠል ሲበላ፣ ራሱን ሲጠቀልል፣ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ቁጭ ብላ አየች። ከዚያም ይህን ሁሉ ከሚበላው ተክል ጋር አንድ ገጽ ላይ ሣለችው። ትልቁ ሥራዋ ይሄ ነው። ሌሎች ነፍሳትን ባዶ ወረቀት ላይ ሲደረድሩ፣ እሷ ማን ምን በልቶ እንደሚያድግ አሳየች።

በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ከልጇ ከዶሮቴያ ጋር ነፍሳትን ልታጠና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ሆላንዶች ይገዟት ወደነበረችው ሱሪናም ተሳፈረች። ሕመም ጠንቶባት በ1701 ተመለሰች። ብራና ላይ በውሃ ቀለም የሣለችው በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ፣ በ1705 አምስተርዳም ላይ 60 ሥዕሎች ያሉት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

18ኛውን ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት። የዘይቱና ቅርንጫፍ ነው። ጉንዳኖች ቅጠሉን ይቆራርጣሉ፤ ከታች አንዲት ትልቅ ጸጉራም ሸረሪት ትንሽ ወፍ ይዛ ትበላለች። በኋላ የመጡ አንዳንድ ሊቃውንት «ሸረሪት ወፍ በላች? ተረት ነው!» ብለው አጣጣሉት። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ አጥኚ ሄንሪ ቤትስ ግን አማዞን ላይ ተመሳሳይ ነገር ማየቱን በ1863 ጻፈ።

ነፍሳቱን ከጫካ ፈልገው ካመጡላት መካከል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና የአገሬው ተወላጆች ነበሩ። ስማቸውን አልጻፈችውም። ስለ አንድ ቀይና ቢጫ አበባ ስታስረዳ ግን የነገሯትን አስፍራለች፦ ሴቶቹ ልጆቻቸው ባሪያ ሆነው እንዳይወለዱ በፍሬው ጽንስ ያስወርዱ ነበር። ይህን ሳነብ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

እኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1769 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጋር የመጣው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ኮሶን ጨምሮ ብዙ ዕፅዋታችንን ሥሎ፣ አገሩን ሳያይ እዚሁ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ አቀረባቸው።