የጥገኝነት ርቀት ምንድን ነው?

በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እርስ በርስ የሚፈላለጉ ቃላት አሉ። ባለቤቱ ግሱን ይፈልጋል፤ ተሳቢውም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው የቃላት ብዛት የጥገኝነት ርቀት ይባላል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ቀድመው የተነገሩት ቃላት ግሱ እስኪደርስ ድረስ በሰሚው አእምሮ ተይዘው ይቆያሉ። ይህ መያዝ ደግሞ ያደክማል።

የባሕር ዳርን ዓሣ ገበያ በሚመለከት አንድ ዓረፍተ ነገር እንፈትሽ፦ «ነጋዴዋ ለእህቷ ትናንት ማታ ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጣውን አምባዛ ሰጠቻት።» ስህተት የለውም፤ ግን ይከብዳል። በ«ለእህቷ» እና በ«ሰጠቻት» መካከል ሰባት ቃላት ገብተዋል። ከዚህም የሚብሰው፣ «ለእህቷ» መንገድ ላይ «የመጣውን» ስታገኝ እርሱን ተጠግታ መቆሟ ነው፤ ሰሚው ዓሣው ለእህትየው ተብሎ የመጣ ይመስለዋል። አሁን ረጅሙን ሐረግ እናስቀድመው፦ «ትናንት ማታ ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጣውን አምባዛ ነጋዴዋ ለእህቷ ሰጠቻት።» አንድም ቃል አልቀነስንም፤ ሸክሙ ግን ቀለለ። «ለ» እና «ን» የየቃሉን ድርሻ ስለሚናገሩ፣ ቦታ መቀያየሩ ማን ለማን ምን እንደሰጠ አላዛባም። ስለዚህ «ዓረፍተ ነገር አታስረዝሙ» የሚለውን የተለመደ ምክር በሙሉ ልብ አልቀበለውም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የርዝመት ሳይሆን የቦታ ነው።

እንግሊዝኛ ግሱን ቀድሞ ስለሚያመጣ ረጅሙን ሐረግ ወደ መጨረሻ ይገፋል። የቋንቋ ተመራማሪው ጆን ሆኪንስ በ1994 እ.ኤ.አ. የሁለቱ ዓይነት ቋንቋዎች ዝንባሌ ተቃራኒ ቢመስልም ምክንያቱ አንድ መሆኑን አስረድቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ያማሺታና ቻንግ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያኖረውን ጃፓንኛ ፈትነው፣ ተናጋሪዎቹ ረጅሙን ከአጭሩ የማስቀደም ዝንባሌ እንዳላቸው አሳዩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፉትሬልና ባልደረቦቹ የመረመሯቸው 37 ቋንቋዎች ሁሉ ቃላት በዘፈቀደ ቢደረደሩ ከሚኖረው ርቀት ያነሰ ርቀት ያላቸው ሆነው ተገኙ።

ርቀት ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በጀርመንኛ በተደረገ የንባብ ጥናት፣ መጨረሻ ላይ ያለው ግስ ከፊቱ ብዙ ቃላት ሲቀድሙት ፈጥኖ ሲነበብ ታይቷል። የቀደሙት ቃላት የሚመጣውን ግስ ይጠቁማሉና። አምባዛውና «ለእህቷ» ከተሰሙ በኋላ የሚቀሩት ግሶች ጥቂት ናቸው፦ ሰጠቻት፣ ላከችላት፣ ሸጠችላት።